አንጓችና በተራራው ላይ ኡፍ የሚለው አባ ቁሬ

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

ምነው ድምፃችሁ ቀጠነ? በረዶው ሳይመጣ በረዳችሁ እንዴ? እስቲ እንደገና። «ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

እሰይ! እንደሱ ነው።

በድሮ ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ማዶ፣ ጠለላ የምትባል መንደር ነበረች። ያላት ሀብት አንዲት ምንጭ ብቻ ነበር። ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከዚያች ምንጭ ነው።

ከተራራው ወዲህ ደግሞ ንጉሡ ይኖራል። በየክረምቱ ታላቅ ሸንጎ ይጠራል። በሸንጎው ላይ የየመንደሩ ስም ሦስት ሦስት ጊዜ ይጠራል። «አለሁ!» የሚል ሰው ያልላከ መንደር ውሃውን ይነጠቃል፤ ለጠየቀ ባላባትም ይሰጣል። ለምን? እኔ እንጃ! የንጉሥ ሕግ ነው። ያን ጊዜ ንጉሥ «ለምን?» አይባልም ነበር።

ፊታውራሪ ጓንጉል የሚባል ባላባት የጠለላን ምንጭ ይመኝ ነበር። ለምን መሰላችሁ? በቅሎዎቹን ሊያጥብበት! ይታያችሁ እንግዲህ። እሱ የሚኖረው በንጉሡ ከተማ ስለሆነ ተራራ መውጣት የለበትም። ተቀምጦ የጠለላ ሰው እንዲቀር መጠበቅ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ተራራው ላይ በረዶ ወረደ። መንገዱ ጠፋ። የጠለላ ሰዎች መጀመሪያ ባለፈረሱን ላኩ። አፍንጫው ቀልቶ ተመለሰ። ቀጥለው ጉልበተኛውን ላኩ። ጢሙ በረዶ ሆኖ ተመለሰ።

«የበረዶ ውሽንፍር ነው። የሚያልፍ ሰው የለም» አሉ ሁለቱም።

ሦስተኛዋ አንጓች ነበረች። አንጓች እንጀራ እያደረቀች ድርቆሽ ለመንገደኛ የምትሸጥ ሴት ናት። አንድ አመል አለባት፤ መጠየቅ ትወዳለች። ዶሮ ከጮኸች እንኳ «ምን አይተሽ ነው?» ትላለች። ጎረቤቶቿ «እሜቴ ለምን» ብለው ስም አውጥተውላታል።

«ውሽንፍሩ ከየት ነው የሚመጣው?» አለቻቸው።

«ሂጂና ራሱን ጠይቂው!» አሏት ተበሳጭተው።

«እሺ» አለች።

ድርቆሿን ቋጠረች። በቅል አዋዜ ያዘች፤ ያንን ዓይን የሚያስለቅሰውን አዋዜ። ጋቢዋን ደርባ ወጣች።

ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። ውሽንፍሩ መጣ። ኡፍፍፍ! እስቲ እናንተም አግዙኝ። ኡፍፍፍ! በቃ፣ በቃ፣ እኔን ልታበርዱኝ ነው።

አንጓች አንድ ቋጥኝ ሥር ተጠጋች። እዚያ አያ ጭላዳ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«አያ ጭላዳ፣ ይህ ውሽንፍር ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአንድ አፍ ነው» አለ ጭላዳ። «አባ ቁሬ ከላይ ሆኖ ይተነፍሳል። ሲያስወጣ ተቀመጪ። ሲያስገባ ሂጂ።»

ባለፈረሱም ጉልበተኛውም በዚህ ጭላዳ አጠገብ አልፈው ነበር። የጠየቀው ግን አልነበረም።

አንጓች ኡፍ ሲል ቁጭ፣ ጸጥ ሲል ብድግ እያለች ገደሉ አፋፍ ደረሰች። መንገዱ በበረዶ ተሸፍኗል። አያ ዋልያ እዚያ ቆሟል።

«አያ ዋልያ፣ አባ ቁሬ ለምንድን ነው እንዲህ የሚተነፍሰው?»

«ቀንዴን ያዢና እየሄድን ልንገርሽ» አለ ዋልያ። «በየክረምቱ ሰው ሁሉ በእግሩ ሥር አልፎ ወደ ሸንጎ ይሄዳል። እሱን ና ያለው የለም። ይህ ቁጣ እንዳይመስልሽ። ሆድ ብሶት ኡፍ ሲል ነው።»

ዋልያው ገደሉን አሻገራት። ተራራው ጫፍ አጠገብ እሜቴ ቁራን አገኘቻት።

«እሜቴ ቁራ፣ አባ ቁሬ ምን ይበላል?»

«ምንም! ብላ ያለው ማን አለና!»

አንጓች ድርቆሿን ዳበስ አደረገች። ወዲያው ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣላት።

አባ ቁሬ መንገዱ ላይ ተዘርፍጦ ተቀምጧል። አቤት ግዝፈቱ! ራሱ ደመና ውስጥ ገብቷል። ቅንድቡ በረዶ፣ ጢሙ በረዶ፣ ጥፍሩ ሳይቀር በረዶ ነው።

«ማን ነሽ አንቺ? በዚህ ማንም አያልፍም!» አለ።

አንጓች ድርቆሿን ፈታች። በአዋዜው አሸችው።

«እሺ፣ አላልፍም። አንዴ ግን ላጉርስዎ።»

«አልፈልግም!»

«በሞቴ!»

አባ ቁሬ ግራ ገባው። «በሞቴ ምንድን ነው?»

«እምቢ ካሉኝ ሞቴን ወደዱ ማለት ነው።»

አባ ቁሬ አሰበ። «ሞትሽንስ አልወድም» አለና አፉን ከፈተ። አንጓች ጢሙን ይዛ ወጥታ አጎረሰችው። አዋዜው ምላሱን ያዘው። «እሕሕሕ!» አለ። ቅንድቡ ቀለጠ። ተራራ ያህል የነበረው ሰውዬ ዋርካ አከለ።

«በቃኝ!»

«አንድ ጉርሻማ ያጣላናል። በሞቴ!»

ሁለተኛውን ጎረሰ። ጢሙ እንደ ጅረት ፈሰሰ። ጎጆ አከለ።

«በቃኝ አልኩ!»

«ሁለት ላይ ማን ያቆማል? በሞቴ!»

ሦስተኛውን ጎረሰ። ላቡ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ። ቁመቱ የሰው ቁመት ሆነ። እግሩን ቢዘረጋ መንገዱን መዝጋት አቃተው።

«ምን አደረግሽኝ? ትንሽ አደረግሽኝ እኮ!» አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። አዋዜው ይሁን ኀዘኑ እንጃ።

«በሸንጎው በር እንዲገቡ ነዋ! በዚያ ቁመትዎ እንዴት ይገቡ ነበር?»

«እኔ? ሸንጎ?»

«ሸንጎ ምን እንደሆነ ማየት አይፈልጉም?»

ፈለገ። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ተነሥቶ ተከተላት። እየሄዱም ለምን እንደመጣች አጫወተችው።

ከአባ ቁሬ ጎን ለጎን መሄድ ግን ቀላል አይደለም። ብርዱ ያንገበግባል። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ የአንጓች ድምፅ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ሸንጎው ሲደርሱ ጠሪው ቆሟል።

«ጠለላ!»

ፊታውራሪ ጓንጉል ጢሙን ጠመዘዘ።

«ጠለላ!»

አንጓች ሰዉን እየተጋፋች ገባች። «አለሁ» ልትል አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም! እጇን አወዛወዘች። ማን አይቷት!

«ጠለላ! ይህ የመጨረሻ ነው!»

እንባዋ ዱብ አለ። ያ ሁሉ መንገድ ከንቱ ሊሆን ነው። የመንደሩ ልጆች ውሃ ሊሄድ ነው።

ያን ጊዜ አባ ቁሬ ትንፋሹን ሳበ።

«አለች!!!»

በረዶ በሸንጎው ላይ ወረደ። የንጉሡ ዘውድ ነጭ ሆነ። የጓንጉል ጢም እንደ እንጨት ደርቆ ቆመ። ጓንጉል ግን ተስፋ አልቆረጠም።

«ንጉሥ ሆይ! ሕጉ ‹አለሁ› ይላል እንጂ ‹አለች› አይልም! ይህ ሰውዬ የጠለላ ሰው አይደለም። ሴትዮዋ ደግሞ አልተናገረችም» አለ።

አባ ቁሬ ወደ ንጉሡ ቀረበ። ከአንጓች ጋር ውሎ የእሷ አመል ሳይጋባበት አልቀረም።

«ንጉሥ ሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? ሰው መጣ የሚባለው ሲናገር ነው ወይስ ሲመጣ?»

ንጉሡ አንጓችን አያት። ጋቢዋ በበረዶ ተገትሯል። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። በሕጉ አፈረ።

«አለች ማለት አለች ነው። ምንጩ የጠለላ ነው!» ብሎ ፈረደ። የራሱን ካባ አውልቆ አለበሳት። ከዚያ ወደ አባ ቁሬ ዞረ። «አንተስ የየት መንደር ሰው ነህ?»

«መንደር የለኝም። ጠርቶኝ የሚያውቅም የለም።»

ንጉሡ ለጠሪው በዓይኑ ምልክት ሰጠ። ጠሪው ደረቱን ነፋ።

«አባ ቁሬ!»

አባ ቁሬ ሁለተኛውን ጥሪ አልጠበቀም።

«አለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ። አንዲት የበረዶ ቅንጣት እንኳ አልወደቀችም።

እንግዲህ ልጆች፣ የሚያስፈራ ነገር ስታዩ ከመሸሻችሁ በፊት ምን እንደሆነ ጠይቁ። ብቻውን የተቀመጠ ካያችሁ ደግሞ «ና» በሉት።

ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። በአዋዜ እንዳይሆን፣ በሞቴ!