ከብራናው ላይ የተፋቀው ቃል

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። ከኋላ ያላችሁትም ወደፊት ኑ፤ ድምፄ እንደ ድሮው ሩቅ አይሄድም።

በድሮ ዘመን፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና ሳይወለዱ፣ አምባ ዋርካ በሚባል አገር ማሩ የሚባል ንጉሥ ነበር። ማሩ ልቡ ደግ ነው፤ ግን ምስጋና ይወዳል። ከምስጋናም በላይ ፈረስ ይወዳል።

ቢያድግልኝ የሚባል ጸሐፊ ነበረው። ቢያድግልኝ እጅ ጽሑፉ ያማረ፣ አንደበቱ የለሰለሰ፣ ብልጥ ሰው ነው።

የኔታ ፈንቴ የሚባሉ አስተማሪም ነበሩት። የኔታ ዓይናቸው አያይም፤ አንዴ የሰሙትን ግን አይረሱም። ማሩን በልጅነቱ አጠገባቸው አስቀምጠው ጸሎት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ወልደው አልሳሙም፤ ማሩን ግን እንደ ልጃቸው ይወዱት ነበር።

አሁን ስሙ። የማሩ አባት ንጉሥ አንበርብር የነገሠ ዕለት አንድ ባሕታዊ ከተራራ ወርዶ የእግዚአብሔርን ቃል አመጣለት። ቃሉም እንዲህ ይላል፦

«አንተና ልጆችህ የድሀውን አቤቱታ በጆሯችሁ ብትሰሙ፣ የሰው ርስት ባትነኩ፣ ፈረስ ባታበዙ፣ ዙፋናችሁን ለዘላለም አጸናለሁ። ይህን ብትተዉ ግን ዙፋኑን ከእጃችሁ እወስዳለሁ።»

አንበርብር ቃሉን በብራና አስጻፈ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ለሕዝቡ ይነበባል። አንበርብርም ቃሉን ጠብቆ፣ አርጅቶ፣ በሰላም አረፈ። ማሩ ነገሠ፤ አሥር ፈረስ ወረሰ።

ቢያድግልኝ የንጉሡ ፈረሶች አዛዥ፣ ባልደራስ መሆን ይመኝ ነበር። የአሥር ፈረስ ባልደራስ መሆን ግን ምን ያኮራል? ፈረሱ እንዳይበዛ የከለከለው ያ ቃል ነው። ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ብራናውን ከማኅደሩ አወጣ፤ ቢላዋውን ሳለ። ከፊት ያለውን ፋቀ፤ ከኋላ ያለውን ፋቀ። መሐሉን ብቻ ተወው፦ «ዙፋናችሁን ለዘላለም አጸናለሁ።» የፋቀው ቦታ ባዶ ሆኖ እንዳይታይበት በቀይና በቢጫ ቀለም ሐረግ ሣለበት፤ አበባ በአበባ አደረገው።

የንባቡ ቀን ደረሰ። ሕዝቡ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ቢያድግልኝ ብራናውን ዘርግቶ ያችን አንዲት ቃል አነበበና ዘጋ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ፤ ደፍሮ የተናገረ ግን የለም። ማሩ ደስ የሚለውን ብቻ ሰምቶ ፊቱ በራ።

የኔታ ፈንቴ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ጃንሆይ፣ ከቃሉ ፊት የጎደለ አለ፤ ከኋላውም የጎደለ አለ» አሉ።

ቢያድግልኝ ፈገግ አለ። የኔታ አርጅተዋል፣ ያልተጻፈ መስማት ጀምረዋል ብሎ ለንጉሡ ሹክ አለው። ማሩም ብራናውን ወስዶ አየ። ያየው አበባ ነው።

«የኔታ፣ እኔ እኮ በዓይኔ እያየሁት ነው» አለ።

ለማያይ ሰው እንዲህ ተባለ፣ ልጆች። ማሩ ከአፉ እንደወጣ ቆጨው፤ ግን ሰው ሁሉ እያየው ነበርና አልመለሰውም። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ማሩ ፈረስ ማብዛት ጀመረ። አሥሩ ሠላሳ ሆነ፤ ሠላሳው መቶ ሆነ፤ መቶው ሦስት መቶ ሆነ። ቢያድግልኝም ባልደራስ ተባለ። ሦስት መቶ ፈረስ ከአገሬው ምንጭ ሲጠጣ ሴቶቹ የሚቀዱት ድፍርሱን ሆነ። የኔታ በትራቸውን ይዘው መጡ፤ «ጃንሆይ፣ ከቃሉ የጎደለ አለ» አሉ። ማሩ አልሰማም።

ፈረሶቹ ጠዋት ጠዋት መጋለብ አለባቸው። ንጉሡ በሩ ላይ ተቀምጦ የድሀውን አቤቱታ የሚሰማውም ጠዋት ነው። ስለዚህ ማሩ በሩን ዘጋና አቤቱታውን ባልደራሱ እንዲሰማ አደረገ። ባልደራሱ ደግሞ የሚሰማው እጅ መንሻ ይዞ የመጣውን ነው። የኔታ መጡ፤ «ጃንሆይ፣ ከቃሉ የጎደለ አለ» አሉ። ማሩ አልሰማም።

ከዚያ ሣር አለቀ። ከምንጩ አጠገብ እናኑ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት እርሻ ነበራት። ባቄላዋ አብቦ ነበር። አጥሯ ፈረሰ፣ ፈረሶቹ ገቡ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ባቄላ የሚባል አልተረፈም። እናኑ በሩ ላይ ቆማ አቤት አለች፤ የከፈተላት የለም። የኔታ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ዘበኞቹ አናስገባም አሏቸው። ከውጭ ቆመው ያንኑ ቃል ተናገሩና ተመለሱ።

እናኑ የቀራትን ዘር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወንዙን ተሻገረች። ማዶ ሌላ ንጉሥ አለ፤ ሰው ያዳምጣል ይባላል። በሳምንቱ አሥር ቤተሰብ ተከተላት። በወሩ አንድ መንደር ሄደ። ክረምት ሳይገባ ሦስት መንደር ባዶውን ቀረ።

ዓመቱ ዞሮ የንባቡ ቀን ደረሰ። ማሩ ካባውን ደርቦ ወጣ። ቢያድግልኝ «ዙፋናችሁን ለዘላለም አጸናለሁ» ብሎ አነበበ። አሜን የሚል ጠፋ። በሩ ላይ የቆሙት አሽከሮችና መሄድ ያቃታቸው ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ከጋጣው ፈረስ አሽካካ።

ማሩ ያን ጊዜ ፈራ። ብራናውን ከቢያድግልኝ እጅ ተቀብሎ፣ አጃቢ ሳያስከትል፣ በእግሩ የኔታ ቤት ሄደ። የኔታ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የኔታ፣ ሰው ጥሎኝ ሄደ» አለ።

የኔታ እጃቸውን ዘረጉ። ብራናውን ተቀብለው በጣታቸው ቀስ እያሉ ዳሰሱት። ከዚያ የማሩን ጣት ይዘው ብራናው ላይ አኖሩት፤ በልጅነቱ ጸሎት ሲያስተምሩት ጣቱን ይዘው እንደሚያስቆጥሩት አድርገው።

«እዚህ ቆዳው ልስልስ ነው። እዚህ ደግሞ ሻክሯል። ቢላዋ ያለፈበት ነው ልጄ» አሉት።

ማሩ ብራናውን ወደ ፀሐይ አነሣው። ከአበባው ሥር፣ በሳሳው ቆዳ ላይ፣ የደበዘዙ ፊደሎች ታዩት። አንድ በአንድ ለቀማቸው። ብትሰሙ። ባትነኩ። ባታበዙ። ከኋላም፦ ብትተዉ።

አለቀሰ። «ያን ዕለት በዓይኔ እያየሁት ነው ያልኩዎት...» ብሎ መጨረስ አቃተው።

«አላስከፋኝም አልልህም፤ ከፍቶኛል። ግን ስከፋም ልጄ ነህ» አሉት የኔታ።

ከዚያም አስረዱት። እግዚአብሔር ከጥንት የእስራኤል ነገሥታት ጋር ቃል ሲገባም መንገዴን ብትጠብቁ እያለ ነበር። ብዙዎቹ ተስፋውን ያዙና ‹ብትጠብቁ› የሚለውን ረሱት፤ ዙፋኑም ከእጃቸው ወጣ።

ማሩ እግዚአብሔር ለምን ዝም ብሎ እንደማይሰጥ ጠየቀ።

«ዝም ብሎ ቢሰጥህ የእናኑን ባቄላ ማን ይጠብቅላት ነበር?» አሉት።

ማሩ ተነሣ። አሥር ፈረስ አስቀርቶ ሌላውን ለአገሬው አከፋፈለ። የእናኑን አጥር ድንጋይ በገዛ እጁ ካበ። ከዚያ ዘውዱን አውልቆ ወንዙን ተሻገረ። እናኑ የሰው ማሳ ስታርም አገኛት። አጥፍቻለሁ፣ እርሻሽ ተመልሶልሻል፣ እምላለሁ አላት።

እናኑ ከአረሟ ቀና አለች። «መሐላ ይቅርብኝ ጃንሆይ። በሩ ላይ ይቀመጣሉ ወይ?» አለችው።

«እቀመጣለሁ» አላት።

«እንግዲያው መጥቼ አያለሁ» አለች። መጥታም አየች፤ ተቀምጧል። ከዚያ ሌላውም ሰው ተመለሰ። ሁሉም ግን አልተመለሰም። ከሦስቱ መንደር አንዱ ማዶ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ድሮ፣ እዚያው ቀረ። ማሩ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ባዶ መንደር ሲያልፍ ከበቅሎው እየወረደ በእግሩ ይሄድ ነበር።

ቢያድግልኝስ? መኳንንቱ እጁ ይቆረጥ አሉ። የኔታ ግን ይህ እጅ ያበላሸውን ራሱ ያቅናው ብለው ለመኑለት። ባልደራስነቱን ተነጥቆ አርባ የፍየል ቆዳ ተሰጠው። አርባውን ቆዳ ራሱ ፍቆ፣ ራሱ አለስልሶ፣ ቃሉን ከፊት እስከ ኋላ አርባ ጊዜ ጻፈ። ለየመንደሩ አንዳንድ ተሰጠ። ከእንግዲህ ቃሉን ልፋቅ የሚል አርባ መንደር መዞር አለበት። ቢያድግልኝ ወገቡ ጎበጠ፤ ጣቶቹ ቆሳሰሉ። አርባኛውን ሲጨርስ የኔታ ጋ ይዞ መጣ። በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዳር እስከ ዳር ልስልስ ነው። ጎበዝ አሉት።

አንድ ቀን ማሩ ከየኔታ ጋር ተቀምጦ ሲጫወት፣ ሲያስጨንቀው የከረመውን ጠየቀ።

«የኔታ፣ ያ ቃል አሁንም ለእኔ ይጸናል?»

«ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጠህ ነበር?»

«ተቀምጬ ነበር።»

«አቤት ያለውን ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው ዛሬ ጸንቷል።»

ማሩ «ነገስ?» አለ።

የኔታ ሣቁ። ጭንቅላቱን እንደ ልጅ ዳሰሱት። «ነገማ ማልደህ ትነሣለህ» አሉት።

አያችሁ ልጆች፣ ከቃል ውስጥ ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ የሚይዝ ሰው ቃሉን አልያዘም። ስጦታውን የሚወድ የተሰጠውንም አደራ ይውደድ። እኔ ከአባቴ የሰማሁትን ሳልፍቅ ነገርኳችሁ፤ እናንተም ሳትፍቁ ለልጆቻችሁ ንገሩ።