ማኅተም አያስፈልገኝም ያለው ደብዳቤ

አንድ ጊዜ፣ በር ጠባቂ መጪውን በድምፁና በኮቴው ብቻ ይለይበት የነበረው ያ የተናፈቀ ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ እንስሳት በኅብረት የሚጽፉት አንድ መጽሐፍ ነበራቸው። ንጹሕ ምንጭ የት እንዳለ በየዕለቱ ይጻፍበታል፤ እናቶች ግልገሎቻቸውን የሚያጠጡት እርሱን አንብበው ነው።

ኅብረቱ እየሰፋ ሲሄድ ግን የመጽሐፍ ቤቱ በር ጠባቂ አህያ የሁሉን ድምፅ መለየት አቃተው። ስለዚህ ንጉሡ አንበሳ፣ ሊጽፍ የሚመጣ ሁሉ ማኅተሙ ያረፈበት የፈቃድ ደብዳቤ እንዲያሳይ አዘዘ። አህያም ደብዳቤውን ያነባል፤ የተጻፈውን ይፈጽማል።

ይህን ያየች ቀበሮ ከጅብ ጋር መከረች። በማግስቱም አንድ ደብዳቤ ይዛ ከበሩ ቆመች። አህያ ቢያገላብጠው ማኅተም አጣበት።

«እመት ቀበሮ፣ ማኅተሙስ?»

«ጌታው፣ ማንበብ የተማሩት ለምን ነው? እስኪ መጨረሻውን ይመልከቱ።»

አነበበው፦ «ይህ ደብዳቤ ከንጉሡ የወጣ ስለሆነ ማኅተም አያስፈልገውም» ይላል። የተጻፈ ነገር ይዋሻል ብሎ አስቦ አያውቅምና በሩን ከፈተላት።

ቀበሮ ገብታ የንጹሑን ምንጭ ስም ፍቃ፣ በጅብ ዋሻ አፍ ያለውን ኩሬ ጻፈችበት። ጅብ ይጨመርልኝ ብሎ አጥብቆ የለመናትንም አንዲት ሐረግ ሳትወድ በግድ አከለች።

ሚዳቋ በጥም የደከሙ ሁለት ግልገሎቿን አስከትላ መጥታ አነበበች፤ ከመጨረሻዋ ሐረግ ስትደርስ ግን ቆመች። ሐረጓ «የሰቡት ይቅደሙ» ትላለች።

«ውኃ ከመቼ ወዲህ ነው የሰባ የሚመርጠው?» ብላ ግልገሎቿን ይዛ ወደ መጽሐፉ ኃላፊ ወደ አባ ጉሬዛ ሄደች።

አህያ ተጠርቶ ሲጠየቅ፣ ማኅተም እንደማያስፈልግ ደብዳቤው ራሱ ነግሮኛል ብሎ ተሟገተ።

«ልጄ፣ ባለጉዳዩን ለራሱ ዳኛ አደረግኸው» አሉት ሽማግሌው።

ከዚያም የተፋቀውን ስም መለሱ፤ የንጉሡንም ማኅተም አምሳል ከበሩ ውስጥ ቀርጸው፣ ከዚህ ጋር ሳታስተያይ ከማንም ደብዳቤ አንዲት ፊደል እንዳታነብ ሲሉ አዘዙት።

ቀበሮ ዳግመኛ መጣች። መጨረሻውን እንዲመለከት ለመነችው።

«ማኅተሙ ሳይታይ መጨረሻው አይነበብም» አላት፤ በሩም አልተከፈተም።

ይሁን እንጂ አህያ ያን የተቀረጸ አምሳል ባየ ቁጥር፣ «ማነህ?» ሲል «እኔ ነኝ» የሚለው ድምፅ ብቻ ይበቃው የነበረበት ዘመን ትዝ ይለውና ጆሮውን ዝቅ ያደርጋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ብዙዎች በኅብረት መጽሐፍ በሚጽፉበት ቤትም ሆነ ዛሬ ፕሮግራም በሚጽፉበት የኮምፒውተር መድረክ፣ በር ጠባቂ የመጪውን ማንነት መጪው ስለ ራሱ በሚናገረው ሳይሆን በራሱ እጅ በያዘው ማመሳከሪያ ማረጋገጥ እንደሚገባው ነው።