ከመኪናው ቀድሞ የደረሰ ቃል

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። ስድስት ዓመት ሙሉ "ለበዓል እመጣለሁ" እያለ ለእናቱ ቃል ሲገባና ሲቀር ኖሮ፣ በሰባተኛው ዓመት መኪና ገዛ። የዘመን መለወጫንም ከተራራው ማዶ ባለችው የትውልድ ከተማው ሊውል ሚስቱን ውባለምንና ሁለት ትንንሽ ልጆቹን ይዞ ለመሄድ ተሰናዳ።

በእናቱ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ የበኩሩ ልጅ ሳይደርስ በግ አይታረድም። ባለፉት ስድስት ዓመታት ታናሽ ወንድሙ በውክልና ሲያርድ ኖሯል። ዘንድሮ ግን እናቲቱ "ልጄ መኪና ገዝቶ እያለ ሌላ ሰው አያርድልኝም" ብለው በጉን አስረው ቁጭ አሉ። ማንም ቢመክራቸው ሐሳባቸውን የሚለውጡ አልነበሩም።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እናቲቱ ስልክ ደወሉ። "የት ደረሳችሁ?"

ነጋዴው ካልሲውን እያጠለቀ ነበር። "ወጥተናል እማዬ፤ መንገድ ላይ ነን" አለ።

እንግዲህ እኛ እንተዋወቃለን። "ወጥተናል" ስንል ከአልጋ ተነሥተናል ማለት ነው፤ "ደርሰናል" ስንል ገና ወጥተናል ማለት ነው። ውሸት አይመስለንም፤ የሚወደንን ሰው አለማስከፋት ይመስለናል። ነጋዴውም እንደኛው ሰው ነውና፣ ሦስት ሰዓት ላይ ከከተማው መውጫ ነዳጅ እየቀዳ "ግማሹን ጨርሰናል" አለ። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ የተራራውን ዳገት ገና መውጣት ሲጀምር፣ በአንድ እጁ መሪውን በሌላው ስልኩን ይዞ "ተራራውን ወርደናል! ድስቱን ጣዱት!" ብሎ ዘጋው።

ከዚያች ደቂቃ ወዲህ አነዳዱ ሌላ ሆነ። ተራራውን ወርጃለሁ ያለ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ በር ማንኳኳት አለበት። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ አስፋልቱ ላይ ጭቃ ተኝቷል። ነጋዴው ኩርባ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቀደመ። ቀጥሎም ሌላ።

"ቢያድግልኝ፣ ኧረ ልጆች ከኋላ አሉ!" አለች ውባለም።

"አውቃለሁ። እናቴም በር ላይ ቆማለች።"

በሚቀጥለው ኩርባ የኋላው ጎማ ጭቃው ላይ ከዳና የመኪናው ጭራ ወደ ገደሉ ዞረ። ከዚያ ተመለሰ። ትልቋ ልጅ የታናሿን እጅ ጨብጣ ይዛ ነበር። ነጋዴው ላቡን ጠረገና እንደገና ነዳጁን ረገጠ። ይህን ያደረገው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ እናቱን ስለሚወድ ነው። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ከተራራው ጫፍ ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። የላስቲክ ካፖርት የለበሱ አንድ ሽማግሌ አካፋቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙት። በክረምት ወደ መንገዱ የሚንከባለለውን ድንጋይና አፈር የሚጠርጉ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ ናቸው።

"ቸኩያለሁ አባቴ፣ ያሳልፉኝ። እናቴ ታች ከተማው ውስጥ እየጠበቀችኝ ነው" አለ ነጋዴው።

"መንገዱ ክፍት ነው፣ ልጄ፤ አልከለክልህም። አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የት ደርሻለሁ ብለሃታል?"

ነጋዴው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ በመስኮት ጉሙን ታያለች። "ተራራውን ወርደናል ብያታለሁ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሽማግሌው ሳቁ፤ የፌዝ ሳቅ ግን አልነበረም። "ሃያ ስምንት ዓመት ከዚህ መንገድ ላይ ድንጋይ አንሥቻለሁ። ከገደሉ ውስጥ መኪና ሲወጣም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰው እዚህ የሚፈጥነው በመኪናው ተማምኖ ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። አንተ ይኸው እዚህ ነህ፤ ቃልህ ግን ቁልቁለቱን ጨርሶ ከእናትህ ደጅ ቆሟል። አሁን የምትሮጠው እናትህ ጋ ለመድረስ አይደለም፤ ቃልህ ላይ ለመድረስ ነው። እሱ ደግሞ ፍሬን የለውም፣ አትደርስበትም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ቃልህን መልሰህ ጥራውና አጠገብህ ይቀመጥ። ከዚያ መብራትህን አብራ፣ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ፍሬን ላይ እግርህን ጭነህ አትቆይ፤ ማርሹ ይያዝህ።"

ነጋዴው መኪናውን ዳር አስይዞ ስልኩን አወጣ። መደወሉ ከገደሉ ይልቅ ከበደው። ስድስት ዓመት የቀረ ልጅ ዛሬም "አልደረስኩም" ሲል እናት ምን ታስባለች? ቢሆንም ደወለ።

"እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። አልወረድንም። ገና ተራራው ጫፍ ላይ ነን፤ ጉሙ አላሳይ ብሎናል። ስንት ሰዓት እንደምንደርስ አላውቅም። በጉን እናንተው እረዱት።"

ከዚያ የእናቲቱ ድምፅ መጣ።

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ከጠዋት ጀምሮ የት እንዳላችሁ በእርግጥ ሳላውቅ፣ ጸሎቴን ወዴት እንደምልከው ጠፍቶኝ ነበር። መጡ ብዬ ሦስት ጊዜ በር ድረስ ወጥቼ ዝናቡ ቀጠቀጠኝ። በጉ እንደሆነ ታስሯል፣ የትም አይሄድ። ምሳ ካልሆነ ራት ይሆናል። አንተ ብቻ ልጆቼን ይዘህ ቀስ ብለህ ና!"

ነጋዴው ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት። እግሩ ላይ ተጭኖት የነበረው ነገር ሲነሣለት ታወቀው። መብራቱን አበራ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ በየኩርባው ክላክስ እያሰማ ቁልቁለቱን ጀመረ። ሽማግሌውም እሱ ሲያልፍ አካፋቸውን እንደ ወታደር ትከሻቸው ላይ አድርገው ሸኙት።

ብዙ ሳይቆይ መኪኖች ከኋላው ተደረደሩ። ክላክሱ በረታ። ከኋላው የነበረው የአውቶቡስ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ "ወንድም፣ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ልንጠብቅህ ነው?" ብሎ ጮኸ።

"የቸኮለ ይለፍ!" አለች ውባለም፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ። "እኛን የሚጠብቀን ሰው የት እንዳለን ያውቃል!"

ማንም አላለፈም። በዚያ ጉም ውስጥ ከነጋዴው መኪና መብራት ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረምና፣ እየተሳደቡም ቢሆን ተከተሉት።

ከተራራው ወገብ ላይ አንድ ኩርባ ሲዞር ነጋዴው ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ሳትንሸራተት ቆመች። ከፊቷ፣ አንድ እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ናዳ መንገዱን ዘግቶ ነበር። በቀኝ በኩል ገደል ነው። በስተኋላው ያሉትም አንድ በአንድ ቆሙ። ሁሉም ቀስ ብለው ይሄዱ ስለነበር ማንም ማንንም አልገጨም።

የአውቶቡሱ ሹፌር ወረደ። ድንጋዩን አየ፣ ገደሉን አየ፣ ዞሮ አውቶቡሱ ውስጥ ያሉትን ስልሳ ሰዎች አየ። ኮፍያውን አወለቀ።

"ወንድሜ" አለ፣ "ስለ እንቁላሉ ይቅር በለኝ።"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ብዙዎቹ እየሳቁ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ከዚያ ወንድ ሴት ሳይባል እጅጌ ተሰበሰበ፣ ድንጋዩ "ሆ!" እየተባለ ወደ ዳር ተገፋ፣ አፈሩ በእጅም በሳፋም ተዛቀ። አንድ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ሲከፈት የአውቶቡሱ ሹፌር እጁን ዘረጋ። "አንተ ምራ፣ እኛ እንከተልሃለን" አለ። አሥራ ሁለት መኪና፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም፣ ከነጋዴው ኋላ ወረደ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ጉሙ ተገለጠ፤ ከተማይቱ ከታች በፀሐይ ታየች። አሥራ ሁለቱም መኪኖች ክላክሳቸውን ለቀቁት። የከተማው ሰው ሠርግ የመጣ መስሎት እልል እያለ ወደ መንገድ ወጣ። "ሙሽራዋ የታለች?" ይላል አንዱ። "በክረምት የምን ሠርግ ነው!" ይላል ሌላው። ነጋዴው ከእናቱ ደጅ ቆመ። እናቲቱ መጀመሪያ ያዩት ልጆቹን ነው፤ በሁለት እጃቸው እቅፍ አደረጓቸው። ስንት ሰዓት ሆነ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

የአውቶቡሱ ሹፌር ሲያልፍ ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮት ተጣራ። "እናቴ፣ ይህ ልጅዎ እኮ ስልሳ ሰው በሕይወት ይዞ ነው የገባው!"

"ወይኔ፣ እንግዲያ አንድ በግ አይበቃም!" አሉ እናቲቱ። እልልታው እንደገና ቀለጠ። ነጋዴው መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የኮራበት ቀን የለም።

ወዳጆቼ፣ በክረምት ተራራ ላይ ሰው የሚገድለው ጭቃውና ጉሙ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ እግራችንን ነዳጁ ላይ የሚጫነው፣ ሳንደርስ ደርሰናል ያልንበት አፋችን ነው። የሚወደን ሰው በሰዓቱ ባንደርስ ይታገሠናል፤ ጨርሶ ባንደርስ ግን ሐዘኑን የሚችለው የለም። ስለዚህ ስንዘገይ ዘግይተናል እንበል፣ ያለንበትን እንናገር፣ መንገዱ በሚፈቅደው ልክ እንሂድ። ይህ ለመኪና ብቻ የሚሆን ምክር አይመስለኝም። በሥራም፣ በትዳርም፣ በወዳጅነትም "ጨርሻለሁ"፣ "ደህና ነኝ"፣ "ተሳክቶልኛል" ብለን ቀድመን የላክነውን ቃል ለመያዝ ስንቶቻችን ነን ኩርባ ላይ የምንቀድመው?

እስቲ ዛሬ የመንገዳችሁን ዳር ያዙና ራሳችሁን ጠይቁ። ቃላችሁ ከእናንተ ስንት ኩርባ ቀድሟል?