የቅበላ ትራፊ

ቀኛዝማች መሸሻ ለቅበላ አምስት ሰንጋ ጥለው ሹማምንቱን ቁንጣን እስኪይዛቸው አበሉ። ደጅ የተኮለኮለውን ድሃ ግን ዘበኛው አላስገባም ብሎ መለሰ።

በማግስቱ ሁዳዴ ገባ። የተረፈው ሥጋ ግቢውን ሳያሸት ይቀበር ተባለና ጉድጓድ ተማሰ። ይኼኔ አንዲት ምላሰኛ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣችና ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ ሙሾ ታወርድ ጀመር።

ቀኛዝማች ተቆጥተው ወጡ። "አንቺ ሟርተኛ፣ ማን ሞቶብሽ ነው በግቢዬ የምታለቅሺው? ተናገሪ፣ አለዚያ ትገረፊያለሽ።"

ሴትዮዋ እንባዋን ጠረገች።

"ይሄ ሥጋ ነዋ፣ ጌታዬ። ትናንት በደኅናው ሰዓት ልንጠይቀው ብንመጣ ዘበኛዎ ከደጅ መለሰን። ዛሬ ለቀብሩ እንኳ እንድረስና እርማችንን እናውጣ ብለን ነው።"