አያ ጅቦ የላሰው የሞተር ዘይት

አንድ ጊዜ፣ ዱሩን ለሁለት የከፈለ ትልቅ ገደል ነበረ። ክረምት ሲገባ ከገደሉ ሥር ያለው ወንዝ ይሞላል፤ ወዲህ ማዶ ያለው እንስሳም ወዲያ ማዶ ካለው ዘመዱ ጋር ሳይገናኝ ይከርማል። ይህን ያየው አንበሳ አንዲት ትንሽ አሮጌ አውሮፕላን አመጣ። ጦጣ አብራሪ ሆነች፤ ሁሉም እንኮዬ ጦጢት ይላታል። አህያ መካኒክ ሆነ። ቀበሮ ተሳፋሪዎችን ታስተናግዳለች። ጅብ ደግሞ ዘበኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በአውሮፕላኗ ክንፍ ጥላ ሥር ተኝቶ ይውላል።

እንስሳቱ አውሮፕላኗን በጣም ይወዷት ነበር። ፍየል የወለደች ልጇን ለማረስ የተሻገረችው በእሷ ነው። እግሩ የተሰበረው ከርከሮ ወጌሻ ዘንድ የደረሰው በእሷ ነው። አንበሳም ይወዳታል፤ ችግሩ ስሟ በክፉ ሲነሳ መስማት አለመቻሉ ነው።

አንድ ቀን አህያ ቀረብ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ የጎማው ብሎን ላልቷል። እስካጠብቀው ድረስ በረራው ትንሽ ይቆይ» አለው።

አንበሳ አገሳ። «ትናንት ደህና የነበረችው ዛሬ ምን ነካት? አንተ ነህ ያበላሸሃት!» ብሎ ተሳፋሪው ሁሉ እያየ አዋረደው።

ብሎኑ ጠበቀ፤ አውሮፕላኗም በሰላም ሄዳ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አንበሳ ፊት ብልሽት የሚባል ቃል የሚያነሳ ጠፋ።

ጥቂት ሰንብቶ ጅብ ከሞተሩ ሥር የሚንጠባጠብ ነገር አየ። ጥቁር ነው፤ ወፍራም ነው። ላሰው። ይመራል። «ነገ ይጣፍጥ ይሆናል» አለና በማግሥቱም ላሰው። እንዲህ እያለ በየጠዋቱ መሬቱን ልሶ ያደርቀዋል። ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ግን ያለ ድካም የተገኘ ምግብ ጥሎ መሄድ አልሆንልህ አለው።

ቀበሮ እየላሰ ደረሰችበት።

«አያ ጅቦ፣ ምን እየበላህ ነው?»

«መረቅ ነው። ከአውሮፕላኗ ይወርዳል። ለአህያ ልንገረው እንዴ?»

ቀበሮ የሞተር ዘይት መሆኑን ወዲያው አወቀች። ነገር ግን መስኮት ዳር መቀመጥ የሚፈልግ ተሳፋሪ ሁሉ የሰባ ዶሮ ያመጣላታል፤ አውሮፕላኗ ከቆመች ዶሮውም ይቆማል።

«ተው እባክህ!» አለችው። «ብትናገር አንበሳ አንተ ነህ ያበላሸሃት ይልሃል። ደግሞስ አህያ ከጠገናት መረቁ ይቀርብሃል።»

ጅብ ሁለቱንም ፈራ። ይበልጥ የፈራው ግን የመረቁን መቅረት ነው።

አህያም በበኩሉ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ እንደሚጎድል አውቋል። መሬቱን ሲያይ ጠብታ የለም። «እርጅና ይሆናል» እያለ ዝም ብሎ ይሞላል። እንኮዬ ጦጢትም አየር ላይ ሳለች የሞተሩ ድምፅ ሲሻክር ሰምታለች፤ የአህያን ውርደት አስታውሳ እሷም ዝም አለች።

የአንበሳ የእህት ልጅ ወዲያ ማዶ የምትዳርበት ቀን ደረሰ። አንበሳ ጎፈሩን አበጥሮ ተሳፈረ። ሚዳቋ ከነግልገሏ፣ ጥንቸል ከነቤተሰቧ፣ አህያና ቀበሮም ተከተሉት። ጅብም ሰርጉ ላይ ሥጋ በሽ በሽ ነው ስለተባለ ቦታ ተይዞለታል። ከመሳፈሩ በፊት ግን አንዴ ልላስ ብሎ ከሞተሩ ሥር ገባ። ያን ቀን የሚወርደው ጠብታ አልነበረም፤ እንደ ክር ቀጥኖ ይፈስሳል።

ጅብ ደስ ብሎት አፉን ከፈተ። ይህን ጊዜ እንኮዬ ጦጢት በመስኮት ብቅ ብላ፣ «አያ ጅቦ፣ ና እንጂ! ከጎኔ እኮ ነው ቦታ የያዝኩልህ» አለችው። እንስሳው ሁሉ ሲሸሸው አጠገቧ የምታስቀምጠው እሷ ብቻ ነበረች።

ጅብ ማሰብ አይቀናውም። ያን ጊዜ ግን አሰበ። «ይህ ሁሉ ከውስጧ እየወጣ ከሆነ፣ ውስጧ ምን ቀረላት? ገደሉ ላይ ብትቆምስ? እንኮዬስ?» ቢናገር ሥጋው ይቀርበታል፤ የአንበሳም ቁጣ አለ። ቢሆንም ከአውሮፕላኗ ሥር ወጥቶ ሮጠና ከመንደርደሪያው መሃል ተጋደመ፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

አውሮፕላኗ ስትንደረደር መጥታ ፊቱ ላይ ቆመች። አንበሳ ዘሎ ወረደ።

«አብደሃል? ከሰርጉ ልታስቀረኝ ነው?»

«ጌታዬ፣ ከፈለጉ ይብሉኝ» አለ ጅብ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ብቻ አትብረሩ። ከሞተሩ መረቅ ሲፈስ ሰንብቷል። ጠዋት ጠዋት የምልሰው እኔ ነኝ። ቀበሮም ዝም በል ብላኛለች።»

ቀበሮ መሬት መሬት አየች። የአህያ ጆሮዎች ቆሙ።

«ለካ መሬቱ ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው! እኔ እኮ ዘይቱ ሲጎድል እያየሁ ነበር።»

«እኔም ድምፁ ሲሻክር ሰምቻለሁ» አለች እንኮዬ ጦጢት ቀስ ብላ።

አህያ ሞተሩን ከፈተ። የዘይቱ ቱቦ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ የቀረው ጭላጭ ነው። «ገደሉ መሃል ስንደርስ ሞተሩ ቀጥ ይል ነበር» አለ። ሚዳቋ ግልገሏን ወደ ጉያዋ ሳበች።

አንበሳ ሁሉንም ተራ በተራ አያቸው። «ታውቁ ነበር። ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

 አህያ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎን ፈርተን ነው» አለ።

አንበሳ ሊያገሳ አፉን ከፈተ። ሚዳቋ ጉያ ውስጥ ያለችው ግልገል ስትደነግጥ አየና አፉን መልሶ ገጠመ። ሣሩ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። «እኔ ስጮህ እናንተ ዝም ትላላችሁ፤ በዝምታችሁ ደግሞ ሁላችንም ልናልቅ ነበር» አለ። ተነስቶም አህያን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ አሁንም ዓይኑን እንደጨፈነ ወደተጋደመው ጅብ ጎንበስ ብሎ፣ «ተነስ አያ ጅቦ፣ ነፍሳችንን አትርፈሃል» አለው።

ጅብ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ሥጋውስ፣ ጌታዬ?»

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ፤ አንበሳም ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ብልሽት የተናገረ፣ ጥፋቱ የራሱ እንኳ ቢሆን፣ አይቀጣም ተባለ። አንድ ጠዋት ቀበሮ ብቻዋን አንበሳ ዘንድ መጣች። «ጌታዬ፣ ትናንት በጥድፊያ የበሩን እጀታ ስቤ ሰነጠቅሁት። ማንም አላየኝም» አለች። የአንበሳ ጎፈር ቆመ። ከብዙ ትንፋሽ በኋላ ግን ተመልሶ ተኛ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አላት፤ «ነይ፣ አብረን ለአህያ እናሳየው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ብልሽትን በጊዜ መናገር ነፍስ እንደሚያድን፣ የሚናገር እንዲገኝ ግን አስቀድሞ ሳይቆጣ የሚሰማ ሊኖር እንደሚገባ ነው።