ለሰንበሌጥ ከተማ የተጣለ የለቅሶ ድንኳን

በአንድ ወቅት፣ ሰማዩ ተቀዶ ሰፊ በጠፋበት ክረምት፣ ሰንበሌጥ የምትባል በመብራት ያበደች ከተማ ነበረች። የከተማዋ ከንቲባ ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ትልቁ አዳራሽ ድረስ መብራት ሲያስተክሉ፣ አውራ ዶሮዎቹ ሌሊቱን ከቀኑ መለየት አቃታቸው። መጀመሪያ ያለ ዕረፍት ጮኹ፤ ኋላ ድምፃቸው ሲዘጋ ተሰብስበው ሥራ ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ሰንበሌጥ ውስጥ አውራ ዶሮ የሚታየው ድስት ውስጥ ነው።

በዚያ ሁሉ ብርሃን ሥር፣ በየሱቁ በረንዳ ላይ፣ ቤት የሌላቸው ሰዎች ይኖሩ ነበር። አንዷ ደብሪቱ ናት። ደብሪቱን የማያውቅ ካለ ዘመድ ሞቶበት የማያውቅ ነው። ሙሾ አውራጅ ናት፤ አንድ ስንኝ ከጣለች ሟችን በሕይወቱ ሲያሳድደው የኖረ ጠላት ሳይቀር መሬት ላይ ይንከባለላል። አንዴማ በለቅሶ መሃል ያለፈ አህያ ጭነቱን ጥሎ ደረቱን ሊመታ ሞክሮ፣ እግሩ አልደርስ ብሎት ነው የተወው። ስለዚህም የከተማው እድር መዋጮ ሳያስከፍል አባል አድርጓት ነበር። የምትከራያት ጠባብ ክፍል ግን መንገዱ ለመብራቶቹ ሲሰፋ ፈረሰች። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ብትጠይቅ ጉዳይሽ እየታየ ነው አሏት። ጉዳዩ ይኸው እስከ ዛሬ እየታየ ነው፤ የሚያየው ሰው ዓይኑ አይደክመው፣ መነጽር አይቀይር።

ደብሪቱ ለራሷ ብቻ ቢሆን ችላው ትኖር ነበር። ግን አንጓች የምትባል የበረንዳ ጎረቤቷ ከዳቦ ቤቱ በር ላይ ወለደች፤ ሕፃኑም ገና ስም ሳይወጣለት ሳል ወጣለት። ዝናቡ ከላይ፣ ጎርፉ ከታች፣ ባለ ሱቁ ከኋላ ሲመጡባቸው ደብሪቱ ወገቧን ታጥቃ ተነሳች። ማዘጋጃ ቤት ሄደች፤ ይህ የቀበሌ ሥራ ነው አሏት። ቀበሌ ሄደች፤ ይህማ የቤተ ክርስቲያን ነው አሏት። ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ እኛ በጸሎት እናስባችኋለን፣ ድንኳኑና ፍራሹ ያለው እድር ቤት ነው አሏት። እድር ቤት ሄደች።

የእድሩ ዳኛ አቶ መርዕድ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ቀጥ ከማለታቸው የተነሳ ጎንበስ ብለው ማሰር ስለማይሆንላቸው የጫማቸው ክር ሁልጊዜ ከኋላቸው ይጎተታል። ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ፍራሹም፣ ብረት ድስቱም በእሳቸው ቁልፍ ሥር ነው።

«ደብሪቱ፣ ልቤ አዝኗል» አሏት። «ግን እኛ የምንደርሰው ሰው ሲሞት ነው። በቁሙ ላለ ሰው ድንኳን ጥለን አናውቅም።»

«ለሞተበት ግን ትጥላላችሁ፣ ጋሼ መርዕድ?»

«ለሞተበትማ ምን ጥያቄ አለው።»

«ደግ» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ከአዳራሹ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ ዘጭ ብላ ደረቷን ትደቃ ጀመር። የሰንበሌጥ ሰው ደግሞ አንድ አመል አለው። መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደ ሞተ የሚጠይቀው ኋላ ነው። ጡሩምባ ነፊው ሱሪውን በአንድ እጁ እየሳበ ሮጠ። ጎረምሶቹ ድንኳኑን ተከሉ። ፍራሽ ተነጠፈ፣ አግዳሚ ተደረደረ፣ ንፍሮ ተጣደ፣ ሽሮና ወጡ ከየቤቱ ጎረፈ። ደብሪቱ የበረንዳውን ሰው ሁሉ የቅርብ ዘመዶቼ ናቸው ብላ ፍራሹ ላይ አስቀመጠች፤ አንጓችንና ሕፃኑን ዝናብ ከማይደርስበት ከመሃል። ትናንት ውኃ ደፍቶ ከበረንዳው ያባረራቸው ባለ ሱቅ፣ ዛሬ ካልጎረሳችሁልኝ ሞቼ እገኛለሁ እያለ ያጎርሳቸው ነበር። ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰም እሱ ነው።

ሆድ ሞልቶ ዓይን ካበጠ በኋላ አቶ መርዕድ ጠጋ አሉ። «እግዜር ያጥናሽ፣ ደብሪቱ። ለመሆኑ ያረፈው ማን ነው?»

«ሰንበሌጥ ናት» አለች። «ከተማዬ ሞተችብኝ።»

ንፍሮ የጎረሰው ይዋጠው ይትፋው ግራ ገባው። ደብሪቱ ግን ፋታ አልሰጠችም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አወረደችው፦

ከተማዬ ሞተች፣ ሬሳዋ ያበራል፣
መብራቷ ሲደምቅ፣ ልጇ ደጅ ያድራል።

ሕዝቡ ሳይወድ በግድ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ሰደደ። ቀጥላም፣ ልጇ ወድቆ ያላነሳች፣ ተርቦ ያላጎረሰች፣ ጠርቷት ያልሰማች እናት ምን ትባላለች፣ በሕይወት አለች የሚል ካለ ተነስቶ ይመስክር አለች። አንድ ሰው ሊነሳ ሲል ሚስቱ በነጠላው ጎትታ አስቀመጠችው።

አቶ መርዕድ መታለላቸው ገባቸው፤ ጆሯቸው እስኪቀላ ተናደዱ። ድንኳኑን አንሱ ብለው ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። የእድሩ ሕግ ሐዘንተኛው ከፍራሹ ሳይነሳ ድንኳን አይነሳም ይላል። ሕጉ ደግሞ የሞተው ምን መሆን እንዳለበት አንድም ቃል አይናገርም። ስለዚህ አቶ መርዕድ ቀና አሉ፣ ከቀናውም በላይ ቀጥ አሉ፣ ሐዘንተኛዋ እስክትነሳ ድንኳኑ ይቆማል ብለው ተጨማሪ አግዳሚ አስመጡ።

ከተማዋ መሞቷን ከንቲባ ባንተይርጋ ሲሰሙ መጀመሪያ የገዛ ደም ሥራቸውን ዳሰሱ። ቀጥለው ፖሊሶች ላኩ። ፖሊሶቹ ድንኳን ሲያዩ በልማድ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብለው ተቀመጡ፣ ንፍሮ ዘገኑ። እነሱን እንዲያመጣ የተላከው አለቃቸውም መጥቶ ሁለተኛ ሳህን አስጨመረ። በመጨረሻ ከንቲባው ራሳቸው በጃንጥላ ሥር ሆነው መጡ።

«እማማ ደብሪቱ፣ ከተማችን ሕያው ናት። መብራቱን አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ፣ ልጄ። ለሬሳም ሻማ ይበራል።»

ከንቲባው ይህን ችለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእሷ አንዲት ክፍል ዛሬውኑ እንደሚሰጧት፣ ብቻ እንባዋን ጠርጋ እንድትነሳ ለመኑ። የደብሪቱ ልብ ዘለለ። የሚዘጋ በር፣ የራስ ቁልፍ፣ ሰው ሳያያት የምትተኛበት ጥግ። እግሯ እሷን ሳያማክር መነሳት ጀምሮም ነበር። ከኋላዋ ሕፃኑ ሳለ።

«ለኔ ብቻ ነው?»

«ለሁሉማ ከየት አመጣለሁ፣ እናቴ?»

እግሯን ተቆጥታ አጠፈችውና ተመልሳ ተቀመጠች። «እንግዲያ ሐዘኔ አልወጣልኝም። ያጥናሽ ይበሉኝና ይሂዱ።»

እንዲህ እያለ ለቅሶው ሰነበተ። ደብሪቱ በየጠዋቱ አዲስ ሙሾ ታወርዳለች፤ ሰውም ያንን ሰምቶ አልቅሶ፣ ያመጣውን ምሳ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። የበረንዳው ሰው ጉንጭ አወጣ። የሕፃኑም ሳል እየላላ መጣ።

ታዲያ ዝናቡ በጠናበት ቀን ጡሩምባው ተነፋ። ሰንበሌጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማልቀሷ በፊት ማን እንደ ሞተ ጠየቀች። አባባ እንግዳወርቅ ናቸው፣ ልብስ ሰፊው፤ ያንን የእድር ድንኳን በገዛ መርፌያቸው የሰፉት። ቤታቸው ከመጥበቡ የተነሳ አንድ ሰው ሲያዛጋ ሌላው ወደ ውጭ ይወጣል። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ጭቃው ላይ ቆሞ ውኃ ይወርደው ጀመር። ልጃቸው ቢያድግልኝ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ እንደ በሰበሰ ወደ አደባባዩ መጣ።

«እትዬ ደብሪቱ» አለ፣ «አባቴ ይህን ሸራ ሰፍቷል፣ ዕድሜውንም ሙሉ አዋጥቷል። የእርስዎ ሟች ቢቆይ አይሸትም፤ የኔ ግን ለዛሬ ነው።»

ደብሪቱ ለብዙ ሰው አልቅሳለች፤ ያን ቀን ግን እንባዋ ሳትጠራው መጣ። ነጠላዋ በተቀደደ ቁጥር ያለ ዋጋ የሚሰፉላት እሳቸው ነበሩ። አባትህን እዚሁ አምጣቸው፣ አብረን እናልቅስ፣ በሕይወቴ ያላወረድኩትን ሙሾ አወርድላቸዋለሁ ብላ ለመነችው።

ቢያድግልኝ ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ የሰው ሲሰፋ ኖሮ ለራሱ ደህና ኮት ሳይለብስ ሞተ። ለራሱ የገዛው ይቺን አንዲት ቀን ነው። ሌላ ለቅሶ ጥግ ተጠግቶ አይሸኝም።»

ሁሉም ወደ አቶ መርዕድ ዞረ። እሳቸውም ሕጉን በልባቸው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበቡት። የቀደመችው ደብሪቱ ናት፤ ያዋጡት እንግዳወርቅ ናቸው፤ በአንድ ድንኳን ሁለት ለቅሶ ደግሞ ባለቤቶቹ ካልተስማሙ አይሆንም። በዚያን ጊዜ የአቶ መርዕድ አንገት ጎበጠ፤ የጫማቸውን ክር ያዩት ያኔ ነው ይባላል።

ደብሪቱ ዓይኗ አዳራሹ ላይ አረፈ። ሰንበሌጥን ሦስት ጊዜ አጣጥፈው ቢከቱበት ገና ቦታ የሚተርፈው፣ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ የሚከርም አዳራሽ ነው። ጣቷን ቀሰረች።

«ጣሪያማ ይኸው። በሩ ይከፈትና እኛ እንግባ፤ ድንኳኑም አሁኑኑ ለአባባ እንግዳወርቅ ይሂድ።»

ሕዝቡ እውነቷን ነው እያለ ወደ በሩ ሲጎርፍ፣ የጡሩምባውን ድምፅ ሰምተው የመጡት ከንቲባ ባንተይርጋ ጃንጥላቸውን ጥለው ቀደሙና ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ። ዝናቡ ሲያርፍባቸው እንደ ሌላው ሰው ይረጥቡ ነበር፤ ብዙ ሰው በዚህ ተገረመ።

«ስሙኝ» አሉ። «ነገ እንግዶች ይመጣሉ። ለቆላ ሰፈር የቧንቧ ውኃ የሚያስገቡ እንግዶች ናቸው። ምንጣፉን በጭቃ ተለውሶ፣ አዳራሹንም የፍራሽ መጋዘን ሆኖ ካዩ ተመልሰው ይሄዳሉ። የቆላ ሰፈር ሕፃናት ከወንዝ እየጠጡ ሲያልቁ ሙሾ የሚያወርድላቸው ማን ነው? እነሱም እኮ የሚስሉ ልጆች ናቸው፤ ከዚህ አይሰሙም እንጂ።»

ይህን ብለው የአዳራሹን ቁልፍ ምላሳቸው ሥር ከተቱት። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ ጥርስና ብረት ሲፋጭ ብቻ ነው የተሰማው።

ያን ጊዜ ነገሩ ፈላ። አንዱ፣ ለሟች ነገ የለውም፣ ድንኳኑ ለእንግዳወርቅ ይሁን ይላል። ሌላው፣ ሟች ብርድ አይዘውም፣ የሚስለው ሕፃን ነው ይላል። ከዚያ ማዶ፣ አዳራሹ የተሠራው በኛው ላብ ነው፣ በሩን ስበሩት የሚል ይጮኻል። እንስራ ያዘሉት የቆላ ሰፈር ሴቶች ደግሞ ከንቲባውን ከበው፣ ያንን በር የነካ የልጆቻችንን ጉሮሮ ነካ አሉ። ትናንት ከንቲባውን ሲረግሙ የዋሉት እነሱው ነበሩ።

ቢያድግልኝ የድንኳኑን ዋና ገመድ በሁለት እጁ ያዘ። ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ እጅ ነው፤ አንዴ ቢስበው ሸራው ከነካስማው ይመጣል። ፊቱን ግን ወደ አንጓች ማዞር አልቻለም።

ደብሪቱ ምሰሶውን አቀፈች።

«ብትስበው አልቀየምህም፣ ልጄ፤ አባትህ ናቸው። እኔ ግን ከዚህ ፍራሽ አልነሳም። ጨርቁን ውሰደው፤ ለቅሶዬን የሚነቅል ገመድ ግን አልተገመደም። ዝናቡ ውስጥ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ሰንበሌጥ ጆሮዋን በጥጥ ትድፈን እንጂ እኔ ዝም አልልም።»

አቶ መርዕድም ፍርዱ ከአቅሜ በላይ ነው፣ የሰማ ሁሉ ይፍረድ ብለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ።

እንግዲህ የሰማችሁ እናንተ ናችሁ። ቢያድግልኝ ገመዱን እንደ ያዘ ነው፤ አባቱ ይጠብቁታል። ደብሪቱ ምሰሶውን እንዳቀፈች ነው፤ ሕፃኑ ከኋላዋ ነው። ከንቲባው በሩን እንደ ተደገፉ፣ ቁልፉ ምላሳቸው ሥር፣ የቆላ ሰፈር ውኃ በልባቸው ነው። ድንኳኑ የሚገባው ለማን እንደሆነ ሰው ሁሉ የየራሱን ብሏል፤ ሰማዩ ደግሞ ገና አልጨረሰም። ፍረዱ እስቲ፦ ዝናቡ የሚገባው ለማን ነው?