የጃርት ሰላምታ

ተረቴን ስሙ፤ ያልፈራ ይቅረብ፣ የፈራ ከሩቅ ያዳምጥ።

ጃርት በእሾሁ ምክንያት አቅፎ የሚስመው ጎረቤት ኖሮት አያውቅም። መንደሩ ውስጥ በሽታ ሲገባ ግን እንስሳቱ ሁሉ ከሩቅ ሰላም ይባባሉ ጀመር። ጥንቸልም ከማዶ ሆና፣ «አያ ጃርት፣ እንዴት አደርክ? ልጆች ደህና ናቸው?» አለችው። ልጅ የለውም፤ ቢሆንም «ደህና ናቸው፣ ተመስገን!» አላት።

ቁራ በየማለዳው ዛፍ ላይ ወጥቶ በሽታው መቼ እንደሚያበቃ ይተነብያል። «ገና ነው» ባለ ቁጥር መንደሩ ያለቅሳል፤ ጃርትም አብሮ ለማልቀስ ይሞክራል።

አንድ ማለዳ ግን ቁራ «አለፈ!» አለ። እንስሳቱ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ ተሳሳሙ። ጥንቸልም የምትስመው በዝቶባት ጃርትን ሳታየው አለፈች።

ጃርት ዛፉ ስር ሄደና፣ «አያ ቁራ፣ እስቲ ደህና አድርገህ እይ፤ ሌላ የሚመጣ የለም?» አለ።